መጀመሪያ የሚታጠብ ይሁን፦ ስለ ጓሮ ወፍ መመገቢያ ለባሕር ዳሯ እናት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው የጻፉት። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው የወፍ መመገቢያ ላከችላቸው። ረጅም ቧንቧ የመሰለ፣ ውስጡ ወለል ብሎ የሚታይ ፕላስቲክ ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ በጣም የጠበቡ ስንጥቆች አሉት። ዳጉሳ ሞሉበት፤ አብዛኛው እየተንጠባጠበ መሬት ላይ አለቀ። የበቆሎ ክክ ጨመሩበት፤ አንዲት ፍሬ አልወጣም። ሐምሌ ሲገባ ከታች የተረፈው አቆጠቆጠ፣ ጠቆረ፣ ሸተተ። በዚያው ሰሞን ከሥሩ አንዲት ዋኔ ላባዋን ነፍታ ተኮራምታ አገኙ፤ በማግስቱ ሞተች። «የገደልኋት እኔ ነኝ ወይ? የትኛውን ዓይነት መመገቢያ ልያዝ? እንዴትስ ላቆየው? ጦጣውንስ ምን ባደርገው ይሻላል?» ብለው ጠይቀዋል።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የዕለት ሥራዬ ከብትና ዶሮ ነው። ወፍ ግን ከልጅነቴ ከዓይኔ ርቃ አታውቅም። መጀመሪያ የተዋወቅናት በጠላትነት ነበር፤ የአባቴ ዳጉሳ ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ሳጮህ የምውለው እኔ ነበርሁ። ዛሬ ደግሞ ጧት ጧት ያንኑ ዳጉሳ በእጄ አቀርብላታለሁ። ስለዚህ ደብዳቤዎን እንደ ሥራ ብቻ አላነበብሁትም።

ከዋኔዋ ልጀምር፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበዎት እሷ ነችና። ላባ መንፋት፣ ዓይን መጨፈን፣ ሰው ሲቀርብ አለመብረር የብዙ በሽታ ምልክት ነው። በዋኔና በርግብ ላይ ሲታይ ግን ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ትሪኮሞናስ የሚባለውን በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ ይራባና እንደ አይብ ያለ ቢጫ ነገር ያበጃል። ወፏ እህል ታነሳለች፣ መዋጥ ያቅታታል፣ በምራቋ አርጥባ መልሳ ትጥለዋለች። ያችኑ የረጠበች ፍሬ ሌላዋ ትለቅማታለች። ያላመማት ዋኔም ተሕዋሱን በጉሮሮዋ ይዛ ልትዞር ትችላለች። ስለዚህ ገደልኋት አይበሉ፤ በሽታውን ይዛው መጥታም ይሆናል። የሻገተውን እህል ሞልቶ መተው ግን ስሕተት ነበር፤ እሱን አልሸፋፍንልዎትም። ወፎችን አንድ ቦታ ሰብስበን ስናበቃ ቦታውን ካላጸዳን፣ በየዛፉ ተበታትነው ቢሆን ኖሮ የማይተላለፈውን በሽታ እናስተላልፍባቸዋለን።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። ደብረ ማርቆስ ስኖር ትልቅ የብረት ትሪ ግቢዬ ውስጥ ግንድ ላይ አስሬ እህል እበትን ነበር። ርግቦችና ዋኔዎች ይሞሉበታል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ትሪው ቀዳዳ የለውም፤ ዝናብ ሲጥል ያቁራል፤ እኔ ከላይ ከላይ አዲስ እህል እጨምራለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ዋኔ ሞተው አነሣሁ። የመጀመሪያዋን አፏን ከፍቼ ሳይ ያ ቢጫ ነገር ጉሮሮዋን ደፍኖታል። ዶሮ ቤት ሁሉ እየዞርሁ «መኖ መስጫውን እጠቡ» የምል ሰው የራሴን ትሪ አላጠብሁም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መመገቢያ ስመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ አንድ ብቻ ሆነ፦ ይህ ዕቃ ተፈታትቶ፣ እጄ ውስጡ ገብቶ፣ ታጥቦ ይደርቃል ወይ? ካልሆነ ቢያምርም አልይዘውም።

በሽታው የእኛ አገር ብቻም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ2005 ጀምሮ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ይኸው ትሪኮሞናስ ከርግብ ዘር ወደ ትንንሽ ዘር በል ወፎች ተሻግሮ፣ ጓሮውን ሁሉ ትሞላ የነበረችውን አረንጓዴ ወፍ በጥቂት ዓመት አመናምኗታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1994 ገደማ ዋሽንግተን አካባቢ ማይኮፕላዝማ የተባለው የዶሮ በሽታ በጓሮ ወፎች ላይ ታየና ዓይናቸውን እያሳበጠ፣ እያሳወረ አገሩን አዳረሰው። ሁለቱም አገሮች ወፍ መመገብ የለመዱ ናቸው፤ መመገቢያው የመገናኛ ቦታ መሆኑን በብዙ ሞት ተምረዋል።

አሁን ወደ ዕቃው። ልጅዎ የላከችልዎት ቧንቧ አልተበላሸም፤ ለሌላ እህል የተሠራ ነው። እነዚያ ጠባብ ስንጥቆች የተለኩት ለኑግ ነው። አዎ፣ ለእኛው ኑግ። ኑግ መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ ከዚህና ከሕንድ እየተጫነ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄደው አብዛኛው ለሰው ዘይት ሳይሆን ለጓሮ ወፍ ነው። አሜሪካኖቹ የአረም ዘር ተቀላቅሎ እንዳይበቅልባቸው በሙቀት ካላመከኑ አያስገቡትም። በዳሞትና በአገው ምድር ማሳው መስከረምና ጥቅምት ላይ ቢጫ ለብሶ የምናየው እህል እዚያ ማዶ ተሸጦ በእንዲህ ያለ ቧንቧ ይንጠለጠላል፤ ልጅዎ የእኛኑ ዕቃ ዞሮ እንዲመጣ አድርጋለች ማለት ነው። ኑግ ከክብደቱ ሲሶ የሚያህለው ዘይት ስለሆነ ለትንሽ ወፍ ብርቱ ምግብ ነው። ቀጭንና ረዘም ያለ ስለሆነ በስንጥቁ አይፈስም፤ ቀጭን መንቁር ያላት ወፍ አንድ አንድ እያለች ትስበዋለች።

የትኛዋ ወፍ ትመጣበታለች ካሉኝ፣ እነዚያ ቡናማ ዥንጉርጉር፣ አንዳንዶቹም ቢጫ የጣለባቸው፣ ድንቢጥ የሚያክሉ ዘር በሎች ናቸው። የግራዋን ፍሬ፣ የመጭን ዘር፣ የአደይ አበባን ደረቅ ራስ ሲፈለፍሉ አይተዋቸው ይሆናል። ኑግ ከነዚህ ሁሉ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው፤ መንቁራቸው ለዚያ ሥራ የተበጀ ነው። ዋኔና ርግብ ግን ቧንቧው ላይ መቆም አይመቻቸውም። ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም፤ በሽታ ከሚያመላልሱት ወፎች ትንንሾቹን ይለይልዎታል።

ኑጉን ሲገዙ አሮጌ እንዳይሰጡዎት። ጥቂት ፍሬ በነጭ ወረቀት መሐል አድርገው በጥፍርዎ ይጨፍልቁት፤ ወረቀቱ ላይ የዘይት ነጥብ ካልቀረ ደርቋል፤ ወፎቹም ይተዉታል። «ኑግ አይወዱም» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ የከረመ ኑግ የሰቀሉ ናቸው። የቧንቧው ታች ሙልጭ ብሎ የሚከፈት ከሆነ እሰየው። የማይከፈት ከሆነ ግን ያ የታችኛው ጥግ ነው እርጥብ እህል የሚቋጥረው፤ በበጋ ብቻ ይስቀሉት፣ በክረምት አጥበው፣ አድርቀው ቤት ያስቀምጡት።

ስለ ክረምት ስናነሣ፣ ከዕቃው ጋር የመጣውን መመሪያ ተርጉሞ ያነበበልዎት ሰው «በክረምት አብዝታችሁ መግቡ» ብሎዎት ይሆናል። የፈረንጅ ክረምትና የእኛ ክረምት ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። የእነሱ ብርድና በረዶ ነው፤ እህሉ ሳይሻግት ይሰነብታል። የእኛ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጭቃ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ከሙቀት ጋር። ረጥቦ ሁለት ቀን ያደረ ክክ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ነው። በሌላ በኩል ክረምት ለዘር በል ወፍም የእጥረት ወቅት ነው፤ መሬት ላይ የወደቀው ዘር ሁሉ በዝናቡ ይበቅላል፣ አዲሱ ገና አላፈራም። እኛም ጎተራው የሚጎድልብን በዚያው ወር አይደል? ስለዚህ በክረምት አይመግቡ አልልም። የምለው በጣም ጥቂት፣ በየቀኑ አዲስ፣ ከጣሪያ ሥር፣ ማታ ተነሥቶ የሚገባ ይሁን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አውድማው ሁሉ የወፍ ገበታ ስለሆነ ቢያቆሙም የሚጎዳ የለም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ከእህል ይልቅ ውኃ ነው የሚፈልጉት፤ ስለ ውኃው ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ መመገቢያ ቢጨምሩ ደስ ይለኛል፤ መግዛትም የለብዎትም። ገበያ ላይ ያለውን የሽቦ ወንፊት ያውቁታል፤ ክቡ፣ የዱቄቱ ዓይነት። በሦስት ሽቦ እንደ ሚዛን ያንጠልጥሉት፣ ከላይ እንደ ባርኔጣ አንድ የቆርቆሮ ክዳን ያድርጉለት። ዝናብ ቢገባ በታች ይወርዳል፤ ነፋስ ከሥር ስለሚያገኘው እህሉ ቶሎ ይደርቃል፤ ጽዳቱም በብሩሽ ሁለት ደቂቃ ነው። ከትሪው መከራ በኋላ እኔ የያዝሁት ይህንኑ ነው፤ ፋብሪካ ሠራሹን ብዙ ዓይነት አይቼ ከሱ የሚሻል አላገኘሁም። በእሱ ላይ ዳጉሳና የተከካ ማሽላ ያቅርቡ። ጉንጩ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት ሰማያዊ ትንሽ ወፍ፣ ቀይዋ ጥቃቅን ወፍ፣ ድንቢጥ፣ በሐይቁ ዳር ቅርንጫፍ ላይ ጎጆ የሚሰቅሉት ቢጫ ወፎች ሁሉ ይመጣሉ። ሰማያዊዋና ቀይዋ መሬት ለመሬት መልቀም ስለሚወዱ ወንፊቱን ዝቅ ቢያደርጉት፣ ከወገብ ብዙ ሳያሳልፉ፣ ቶሎ ይለምዱታል። ድመት ካለ ግን ከሰው ቁመት አያንስ።

እንደ ጎታ ከላይ ተሞልቶ ከታች ጥቂት ጥቂት የሚለቀው ባለ ጣሪያ ዓይነትም አለ። የሳምንት እህል ስለሚይዝ ሥራ የሚበዛበት ሰው ይወደዋል፤ እኔ በዚያው ምክንያት አልወደውም። የሳምንት እህል የሚይዝ ዕቃ ሳምንት ሙሉ አይታይም። በበጋ ይሁን፤ በክረምት አይሁን። የሃይላንድ ጠርሙስ በስቶ ማንኪያ ሰክቶ መስቀል በልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ለመጀመሪያ ትምህርት ጥሩ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ እጅ ስለማይገባ ግን አይታጠብም፤ በየሁለት ሳምንቱ ተጥሎ በአዲስ ይተካ። ቅልና የእንጅባራ ቀርከሃ ለዓይን ያምራሉ። ውስጣቸው ግን እርጥበት ይመጥጣል፣ ስንጥቃቸው ሻጋታ ያቅፋል፤ ቅል በወይራ ቢታጠንም ጢሱ በረኪናንና ፀሐይን አይተካም። የሚያምርዎት ከሆነ በደረቅ ወር ይስቀሏቸው።

አሁን ስለ እህሉ አንድ ብርቱ ነገር ልናገር፤ ሌላውን ቢረሱ ይህን አይርሱብኝ። ጎጃም የምርጥ ዘር በቆሎ አገር ነው። ከዘር የተረፈ ሐምራዊ ወይም ቀይ ቀለም የተቀባ በቆሎ በየቤቱ አይጠፋም። ያ ቀለም ጌጥ አይደለም፤ የፀረ ሻጋታና የፀረ ተባይ መድኃኒት ምልክት ነው። ታጥቦም ቢሆን ለወፍ አይሰጥም፤ ለዶሮም አይሰጥም። እንዲሁም ነቀዝ እንዳይበላው ክኒን የተደረገበት ወይም ዱቄት መድኃኒት የተነሰነሰበት እህል አለ። ከእህል ነጋዴ ሲገዙ «ለወፍ ነው» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፤ ካልመለሰልዎት ሌላ ቤት ይሂዱ። የሻገተ በቆሎና የሻገተ ለውዝም እንዲሁ ነው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ጉበት ይገድላል፤ መቁላትም አያጠፋውም።

ከጓዳ የሚተርፈውን በተመለከተ፣ ጨው የነካው ነገር ሁሉ ይቅር፤ ጨው ያለበት ቆሎ፣ ቂጣ፣ ወጥ የነካው እንጀራ። ንጹሕ የእንጀራ ድርቆሽ ተፈርፍሮ ጥቂት ቢሰጥ አይጎዳም፤ እርጥብ እንጀራ ግን በቀኑ ይበላሻል። አተላ አይቅረብ። ራሷ ጠቆር ያለችው፣ ጎሕ ሳይቀድ የምትዘምረዋ ቡናማ ወፍና ጅራተ ረጅሟ ባለ ጉትዬ ፍራፍሬ ይወዳሉ፤ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ የበሰለ ማንጎና ዘይቱን (ጓቫ) ቆርጠው ሚስማር ላይ ይሰኩላቸው። አቮካዶ ግን በፍጹም። ለሰው የማይጎዳው አቮካዶ ወፍን በልቧ በኩል ይገድላታል፤ ቤቱ ሁሉ አቮካዶ በሆነበት ከተማ ይህን ጎረቤት ሁሉ ቢያውቀው መልካም ነው።

እጥበቱ እንዲህ ነው። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ በክረምት በየሳምንቱ። መጀመሪያ ቀሪውን እህል ይድፉት፤ ከአዲስ ጋር አይቀላቅሉ። ደረቁን ቆሻሻ በብሩሽ ያራግፉ፣ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይጠቡ። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው አሥር ደቂቃ ይንከሩት። በረኪናውን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋር እንዳይደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳምባ ያቃጥላል። ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁትና ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ማድረቁ የእጥበቱ ግማሽ ነው፤ ያ የጉሮሮ ተሕዋስ ከደረቀ አይኖርም። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለማይገኝ ሁለት ወንፊት ቢኖርዎት አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሠራል። ባልዲውና ብሩሹ ለዚሁ ብቻ የተለዩ ይሁኑ፤ ወጥ ቤት አይግቡ። ከመመገቢያው ሥር የሚከማቸውን ገለባና ኩስ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይጥረጉ። አይጥ የሚመጣው፣ ዋኔዎቹም መሬት ለቅመው የሚታመሙት በዚያ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የልጅ ልጆች ካሉ እነሱንም ያስታጥቡ፤ የወፍ ኩስ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል፤ ሰውም ይይዛል።

የታመመች ወፍ ዳግም ካዩ ሁሉንም መመገቢያና ውኃ በዚያው ቀን ያንሡ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አይመልሱት። «ይራቡብኛል» ብለው አይጨነቁ። ወፍ በአንድ ግቢ ብቻ አትተማመንም፤ ከብዙ ቦታ ትለቅማለች። መበተናቸው ነው መድኃኒቱ። መድኃኒት በውኃ በጥብጡልኝ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለዱር ወፍ መጠኑን መቆጣጠር ስለማይቻል እኔ አላደርገውም። የሞተች ካለች በፕላስቲክ ጓንት ወይም እጅዎን በፌስታል ጠቅልለው አንሥተው ድመትና ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቅበሯት።

ዶሮ ያረቡ እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ካሉዎት መመገቢያው ከዶሮዎቹ ግቢ ይራቅ። ርግብና ዋኔ ፈንግል ተሸክመው ሊመጡ ይችላሉ፣ የዶሮውም በሽታ ወደ ወፎቹ ይሄዳል። ዶሮዎቹና ወፎቹ ከአንድ ዕቃ ውኃ መጠጣት የለባቸውም።

ጦጣው ላይ ሐቁን ልንገርዎት። ባሕር ዳር ያለ ሰው ጦጣን በዕቃ አያሸንፍም። ለስላሳ የብረት ምሰሶ አቁሞ በመሐሉ የቆርቆሮ ባርኔጣ መገልበጥ ለአይጥና ለድመት ይሠራል። ጦጣ ግን ከጣሪያ፣ ከማንጎው ዛፍ፣ ከመብራት ሽቦው ይዘላል፤ በእጁም ክዳን ይፈታል። ልጅዎ የላከችውን ቧንቧ አንድ ጧት ገንጥሎት ቢሄድ ያሳዝናል። የሚሠራው ሰዓት ነው። ሲነጋ ይስቀሉ፣ ወፎቹ በአንድ ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ያድርጉ፣ ከዚያ አንሥተው ያስገቡት። ባዶ ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ያገኘ ጦጣ መንገዱን ይቀይራል። ጦጣ በሚያዘወትርበት ሳምንት ፍራፍሬ ጨርሶ አይስቀሉ። በድንጋይ መወርወሩ ልጆቹን ያስፈራቸዋል እንጂ እሱን አያርቀውም። በርበሬ ነስንሱበት የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ በርበሬ ወፍን አያቃጥላትም፤ የሚያቃጥለው እኛንና ጦጣውን ነው። የቤታችን በርበሬ ግን ጨው አለበት፤ የተፈጨው ብናኝም የወፏን ዓይን ይገባል። ስለዚህ አልመክርዎትም።

ቦታውን ሲመርጡ ሁለት ነገር ይዩ። ወፍ ደንግጣ የምትገባበት ቁጥቋጦ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ላይ ይኑር፤ ከዚያ ከቀረበ ድመት ያደፍጥበታል፣ ከዚያ ከራቀ ጭልፊት ሲመጣ መሸሸጊያ የላትም። መስኮት ደግሞ ወይ በጣም የቀረበ፣ ከአንድ ሜትር ያነሰ፣ ወይ አሥር ሜትር ያህል የራቀ ይሁን። መሐሉ ላይ ሲሆን ወፏ የመስታወቱን ሰማይ እውነት መስሏት በሙሉ ፍጥነት ትጋጫለች። አዳዲሶቹ የባሕር ዳር ቤቶች ባለ መስታወት ስለሆኑ ይህ ጉዳት እየበዛ ነው የማየው። መጋረጃ መዝጋት ወይም በውጭ በኩል በሳሙና ጠጋ ጠጋ ያሉ መስመሮች ማስመር ይረዳል።

ውኃውን ቃል በገባሁት መሠረት። ሰፋ ያለ የሸክላ ምጣድ ወይም ሰሐን፣ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት ያልበለጠ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሻካራ ድንጋይ ያለበት። ጧት ተደፍቶ፣ በብሩሽ ታሽቶ፣ በአዲስ ይሞላ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አንድ ሰሐን ውኃ ከአሥር ኪሎ እህል የሚበልጥ ወፍ ይጠራል። ነፍሳት በል የሆኑት፣ እህል የማይነኩት ሁሉ ለመጠጣትና ለመታጠብ ይወርዳሉ። አቅምዎ ወይም ጊዜዎ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ፣ መመገቢያውን ትተው ውኃውን ይያዙ እላለሁ። ወፎቹ ሲበዙ ኩሳቸውን ይጥሉበታልና የየዕለቱ መታጠብ እዚህም አይቀርም።

አበባ ለሚቀስሙት፣ እነዚያ መንቁረ ቆልማማ አብለጭላጮች፣ የስኳር ውኃ የሚሰጥበት ዕቃ ልጅዎ ልላክ ብትልዎት አስቀድመው ያስቡበት። የዚያ አገር ዕቃ አብዛኛው አየር ላይ ቆማ ለምትጠጣ የአሜሪካ ወፍ የተሠራ ነው፤ የእኛዎቹ ተቀምጠው መጠጣት ይመርጣሉ፣ መቆሚያ ያስፈልጋቸዋል። ልኩ አንድ እጅ ነጭ ስኳር ለአራት እጅ ውኃ ነው፤ ቀለም አይጨመርም። ማር የሞላበት አገር ላይ ሆኜ ይህን ማለት ይከብደኛል፤ ማር ግን አይሆንም። በውኃ ሲቀጥን ቶሎ ይቦካል፤ በውስጡ የሚያድገው ሻጋታ ወፏን ይጎዳል። ስኳሩም በባሕር ዳር ሙቀት ከአንድ ቀን በላይ አይደር። በዚህ ሁሉ ድካም ፈንታ አንድ ሁለት እሬት፣ የፈረስ ዘንግ፣ ቦታ ካለ ቆርች ይትከሉ። ደብረ ማርቆስ በነበረው ግቢዬ እሬቱ ሲያብብ በተከዜ ስም የሚጠራው፣ ሲዞር ወይን ጠጅ የሚያበራው ጅራታም ወፍ ሳልጠራው ይመጣ ነበር። አበባ አይታጠብም፣ አይሻግትም።

ለገጠር አንባቢ አንድ ቃል ልጨምር። ጤፉ ወይም ዳጉሳው በሚያሸትበት ወር ከማሳ አጠገብ መመገቢያ አይሰቀልም። ለምዳ የመጣች ወፍ ከጎረቤት አዝመራ ትገባለች፤ ማማ ላይ ያለውን ልጅም ሥራ እናበዛበታለን። ከጥቅምት መግቢያ እስከ አጨዳ አንሥተው ያስቀምጡት።

እንግዲህ እርስዎ ያሉዎትን ይዘው እንዲህ ይጀምሩ። ቧንቧውን አሁኑኑ ፈትተው በበረኪና ይንከሩት፣ አድርቀው ጥቅምት እስኪገባ ያስቀምጡት፤ ዝናቡ ሲያቆም አዲስ ኑግ ይሙሉት፣ ግን ከሩብ አያስበልጡ። ወፎቹ ዕቃውን እስኪያውቁት ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባይነኩትም ኑጉን በየሳምንቱ ይቀይሩት፣ ጥቂት ፍሬም ከሥሩ ወንፊቱ ላይ በተን ያድርጉ፤ እሱን እየለቀሙ ወደ ላይ ያያሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላም ካልመጡ ቧንቧውን ግራዋ ወይም መጭ ወዳለበት የግቢው ጥግ ያዛውሩት፤ እነዚያ ዘር በሎች መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው። የመጣውን ወፍ መልክ ቢጽፉልኝ ማንነቱን እነግርዎታለሁ።